የብር ዋጋ ተለወጠ፤ የገበሬው ሞፈርስ?

በዚህ ግቢ ውስጥ ስለ አገራችን ኢኮኖሚ የሚነሣው ክርክር በሁለት ጎራ ተከፍሎ ከቆመ ሰንብቷል። አንደኛው ወገን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተወሰነበትን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.ን እንደ ድል ቀን ያከብራል። ሁለተኛው ወገን ያንኑ ቀን አገር ለባዕድ አበዳሪ የተሸጠችበት ቀን ነው ብሎ ያለቅሳል። በምግብ አዳራሽ ወረፋ ላይም ሆነ በመማሪያ ክፍል የሚሰማው ይኸው ነው። አንዱ «ማሻሻያ» ሲል ሌላው «ሽያጭ» ይላል፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የአባቶች ምክር አይከተሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዐይነት ስሕተት እንደሚሠሩ ማስረዳት ነው። ስሕተቱም የአገርን ዕጣ ከባንክ መስኮት ላይ ማንበብ ነው። ሕዝቧ በብዛት በእርሻ በሚኖርባት አገር የኢኮኖሚ ማሻሻያ እርሻው ድረስ ካልወረደ የዋጋ ማስተካከያ ሆኖ ይቀራል፤ የኢኮኖሚ ለውጥ ሊባል ከቶ አይችልም።

በመጀመሪያ ለአልቃሾቹ መልስ እንስጥ። የሚያዝኑለት የድሮው ምንዛሪ ለማን ይጠቅም ነበር? በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲባል በጥቁር ገበያ ከ100 ብር በላይ ይሸጥ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። በ57 ብር ዶላር የሚያገኘው ማን ነበር? ወረፋው የደረሰው፥ ዘመድ ያለው፥ ሹም የሚያውቀው ነው። በዚያ ርካሽ ዶላር የመጣው ዕቃ ግን መርካቶ ሲደርስ የሚሸጠው በጥቁር ገበያው ዋጋ ተሰልቶ ነበር። ልዩነቱን የከፈለው ሸማቹ ነው። ሌላም ጉድ ነበረ። አስመጪው ዶላር ለማግኘት ሲል ቡና ላኪ ይሆንና ቡናውን ወደ ውጭ በኪሳራ ይሸጣል፤ ኪሳራውን በሚያስመጣው ዕቃ ትርፍ ያካክሰዋል። ቡና መላክን ብቻ ሙያው ያደረገ ነጋዴ ከእንዲህ ያለው ጋር እንዴት ይወዳደራል? የድሮው ሥርዐት ለድኻ የቆመ ነበር የሚለው ወሬ እንግዲህ ሊታመን አይገባም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ስትቀር፥ ያ ሥርዐት ዕድሜው እንዳለቀ ለሁሉም ግልጥ ሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ ደስተኞቹ እንመለስ። እነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። በ2017 በጀት ዓመት ከቡና የተገኘው ገቢ ወደ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ወርቅም ከቡና በልጦ አንደኛ ሆነ ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ትርጓሜው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት በብራዚልና በቬትናም የደረሰው ድርቅ ምርቱን ስለ ጎዳው የዓለም የቡና ዋጋ ከቀድሞው ሁሉ በላይ ወጥቶ ነበር። ወርቁም ቢሆን ቀድሞም ይቈፈር ነበር፤ በድንበር እየሾለከ ስለሚወጣ ግን በመዝገብ አይታይም ነበር። ብሔራዊ ባንክ የሚከፍለው ዋጋ ከጥቁር ገበያው ጋር ሲቀራረብ ወርቁ መንገዱን ቀይሮ ወደ ባንክ ገባ። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን የተደበቀውን ማውጣትና አዲስ ማምረት አንድ አይደሉም።

ብር ሲረክስም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ዋጋ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያም ብር በአንድ ጊዜ የ15 በመቶ ዋጋ አጣ። በየጊዜው የተሰጠን ምክንያት አንድ ነው፤ ወደ ውጭ የምንልከው ይበዛል፥ ከውጭ የምናስመጣው ይቀንሳል የሚል ነው። ሠላሳ ዓመት አለፈ። የምንልከው ዛሬም በብዛት ያልተቈላ ቡና፥ ሰሊጥ፥ ጫት፥ አበባና ወርቅ ነው። ዋጋ መለወጥ ብቻውን አገር የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ እስከ አሁን ያደግን በሆንን ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ሁለት ገበሬዎችን አስቦ ማየት ነው። አንደኛው በጅማ ወይም በሲዳማ ቡና ይተክላል። ብር ሲረክስ ቡናው በብር ሲታሰብ ዋጋው ይወጣል፤ እርሱም ተጨማሪ መትከል ይፈልጋል። ነገር ግን የቡና ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ምን ይበላል? ያረጀውን ዛፍ ጐንድሎ አዲስ ለማብቀል የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማን ያበድረዋል? ባንክ የሚያበድረው የከተማ ሕንፃ ለሚያሲዝ ሰው ነው። ሁለተኛው ገበሬ በጎጃም በቆሎ ይዘራል። የሚሸጠው በብር ነው፤ የሚዘራበት ማዳበሪያ ግን በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። ብር ሲረክስ ወጪው ከገቢው ቀድሞ ይሮጣል፤ የመንግሥት ድጎማ ቢያስታግሠውም ድጎማው ራሱ ከግምጃ ቤት የሚወጣ ገንዘብ ነው። የአንዱ ጥቅም እጁ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የሌላው ጉዳት ግን በመጪው ክረምት ነው።

ደመወዝተኛውስ? መምህሮቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ዓመት ሳይሞላ አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው የዋጋ ንረት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል ተባልን። ልብ በሉ፤ ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። እንጀራው ትናንት በወጣበት ዋጋ ላይ ዛሬም ጥቂት ይጨምራል። ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ ይመደብ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ያለው ስላማረብን አይደለም፤ በ22 ብር የሚበላ ነገር ስለ ጠፋ ነው። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ እንዲል በ2017 ዓ.ም. የታወጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሕዝቡ የማሻሻያውን ዋጋ አስቀድሞ ከፍሏል። ዋጋ የከፈለ ሰው ደግሞ የገዛው ዕቃ የት አለ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ይህን ጥያቄ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሆነን አልጠየቅነውም። ከእኛ በፊት የጠየቁ ሁለት አገሮች አሉ፤ ከእነርሱ መማር እንችላለን። የእነርሱን ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

አንደኛዋ ጋና ናት። በ1957 ነጻነቷን ስታገኝ የአፍሪካ ተስፋ ትባል ነበር፤ ኑሮዋም እንደ እኛው በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ የእኛ በቡና፥ የእርሷ በካካዎ። በ1983 በጄሪ ሮውሊንግስ መንግሥት ዘመን አንድ ዶላር 2.75 ሲዲ ይባል የነበረውን የይስሙላ ምንዛሪ ትታ ከዓለም የገንዘብ ድርጅትና ከዓለም ባንክ ጋር ተስማማች። ውጤት አልታየም ማለት ሐሰት ነው። ወደ ጐረቤት አገር በኮንትሮባንድ ይሄድ የነበረው ካካዎ ተመለሰ፤ 160,000 ቶን ገደማ ደርሶ የነበረው የዓመት ምርት በ2010/11 ከአንድ ሚሊዮን ቶን አለፈ። አበዳሪዎቹም ጋናን የአፍሪካ አርኣያ አደረጓት። ፍጻሜው ግን ምን ሆነ? በ2022 መጨረሻ አብዛኛውን የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቋረጠች፤ የዋጋ ንረቱ በዚያው ወር 54 በመቶ ደረሰ፤ በ2023ም ከገንዘብ ድርጅቱ የ3 ቢሊዮን ዶላር ብድር ተፈቀደላት። ይህ ከድርጅቱ ጋር ያደረገችው 17ኛ ስምምነት ነው። በ2024 የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን 10,000 ዶላር ሲያልፍ የጋና ገበሬ ያንን ዋጋ አላገኘውም፤ የሚከፈለውን የሚቈርጠው የመንግሥት ቦርድ ነው፤ ቦርዱም ሰብሉን አስቀድሞ በዝቅተኛ ዋጋ ሸጦት ነበር። ዛፉ አርጅቷል፤ በሽታ በልቶታል፤ ብዙ ማሳ በሕገ ወጥ ወርቅ ቈፋሪዎች ተገለባብጧል። ጋና ምንዛሪዋን አስተካከለች፤ ነገር ግን ከአርባ ዓመት በኋላም የምትሸጠው ካካዎና ወርቅ ነው፤ በኋላ የተጨመረው ነዳጅ ብቻ ነው። ካካዎና ወርቅ የሚለውን ቡናና ወርቅ ብላችሁ አንብቡት።

ሁለተኛዋ ቬትናም ናት። እርሷም በ1986 ማሻሻያ ስትጀምር ከጦርነት የወጣች፥ በረኀብ የምትፈተን፥ የዋጋ ንረቷ በብዙ መቶ በመቶ የሚቈጠር አገር ነበረች። ገንዘቧንም አርክሳለች፤ ያውም በ1989። ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድ ሥራ ሠርታ ነበር። በ1988 ማሳውን ከኅብረት እርሻ አውጥታ በየቤተሰቡ አስረከበች፤ ምን እንደሚዘራና ለማን እንደሚሸጥ ለገበሬው ተወች። ከውጭ ሩዝ ትለምን የነበረች አገር በ1989 ከዓለም ዋነኞቹ ሩዝ ላኪዎች አንዷ ሆነች። ቡናን እንመልከት። ቬትናም በዓለም የቡና ገበያ ስሟ የማይጠራ ነበረች፤ በ2000 ገደማ ግን ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። የእርሷ ገበሬ ከአንድ ሔክታር ከ2 ቶን በላይ ሲያመርት፥ ቡና የተገኘባት የእኛ አገር ገበሬ አንድ ቶን እንኳ አይሞላለትም። የዋጋው ጥሪ ሲመጣ የቬትናም ገበሬ የተረጋገጠ ማሳ፥ ውሃና ብድር ይዞ ጠበቀው።

ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፥ የቬትናም መንገድ እንከን የለውም አልልም። ደን ተጨፍጭፏል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ተሟጧል፤ አብዛኛው ቡናዋ ሮቡስታ ስለሆነ በጣዕም ከእኛው አይወዳደርም፤ ከአንድ ፓርቲ በቀር ሌላ አይፈቀድም። ከእርሷ የምንወስደው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ገበሬው፥ ቀጥሎ ምንዛሪው።

ስለ መሬት በተነሣ ቍጥር በዚህ ግቢ የምንሰማው ክርክርም ከዚሁ የቬትናም ታሪክ መልስ ያገኛል። አንዱ «መሬት ካልተሸጠ ዕድገት የለም» ይላል፤ ሌላው «መሬት ከተሸጠ ገበሬው ይፈናቀላል» ይላል። ቬትናም በ1993 ባወጣችው የመሬት ሕግ መሬት የመላው ሕዝብ መሆኑን አልለወጠችም። ለገበሬው ግን ለዓመታዊ ሰብል 20 ዓመት፥ ለቋሚ ተክል 50 ዓመት የመጠቀም መብት ሰጠችው፤ ይህን መብት እንዲያወርስ፥ እንዲያከራይ፥ እንዲለውጥ፥ እንዲያስተላልፍና አስይዞ እንዲበደርበት ፈቀደች። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ በባለቤትነት ስም ላይ አይደለም። ገበሬው ነገም ይህ ማሳ የእኔ ነው ብሎ ተማምኖ ዛፍ መትከል መቻሉ ላይ ነው።

የእኛ አገር ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ይህ በታሪካችን ካሉት ለውጦች ሁሉ ታላቁ ነው። ሆኖም አራሹ ከባላባት ሲገላገል ኮታ መጣበት፤ እህሉን መንግሥት በቈረጠው ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ፤ ከቤቱ ተነሥቶ በመንደር እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ኮታው የለም፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም በብዙ ቦታ ተሰጥቶታል። ደብተሩን ይዞ ባንክ ቢሄድ ግን የሚያናግረው አልነበረም።

እዚህ ላይ የክርክራችንን ጉድለት የሚያጋልጥ አንድ ነገር ልጥቀስ። ብር በገበያ እንዲመነዘር በተወሰነበት በዚያው በ2016 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 1324 ወጥቷል። ይህ አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። ሁለት ውሳኔዎች በአንድ ዓመት ተወለዱ ማለት ነው። ስለ አንደኛው በዚህ ግቢ ያልተናገረ የለም። ሁለተኛውን ያነበበ እስቲ እጁን ያውጣ! የኢኮኖሚክስ ተማሪው ስለ ምንዛሪ ሠላሳ ገጽ ይጽፋል፤ የሕግ ተማሪው ስለ ውጭ ባንኮች መግባት ይከራከራል፤ የገበሬው ደብተር ባንክ ውስጥ ብድር ያስገኝ ወይም አያስገኝ እንደ ሆነ ግን ጠያቂ የለውም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕግ ወጣ። ይግቡ። ነገር ግን ከናይሮቢና ከካይሮ የሚመጣው ባንክ አዲስ አበባ ላይ ለአስመጪው ሊያበድር ነው ወይስ ይርጋጨፌ ላይ ለቡና ተካዩ? ይህን ካልጠየቅን ምን ተማርን?

«የእርሻ ዘመን አልፏል፤ ተስፋችን ፋብሪካ ነው» የሚሉ አሉ። ፋብሪካ ያስፈልገናል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን እንዴት ያለ ፋብሪካ? በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የአንድ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፥ ከዓለም የልብስ ሠራተኞች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጠ። ጨርቁም በብዛት ከውጭ የሚመጣ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱን ምክንያት አድርጋ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የሆነውን የአጎዋን ዕድል ስትዘጋብን ትልልቆቹ ገዢዎች ጥለው ሄዱ። ከአገሩ ጥጥና ከአገሩ ገበያ ጋር ያልተሳሰረ ፋብሪካ እንዲህ ነው፤ ሌላ ሰው በፈረመው ወረቀት ይዘጋል። ሃያ ስድስት ዶላር የሚከፈላት የፋብሪካ ልጅ የራሷን ስፌት ሸሚዝ መግዛት አትችልም፤ ማዳበሪያ የከበደው ገበሬም አይገዛትም። የአገር ውስጥ ገበያ የሚፈጠረው የገበሬው ኪስ ሲሞላ ነው፤ ፋብሪካውም ያኔ ይቆማል።

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል ይኖራል። የገንዘብ ድርጅቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለአራት ዓመት የሚከፋፈል 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ሕዝባችንም በገዛ ኪሱ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የዐባይ ግድብ ሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. አስመርቋል። እንግዲህ የጎደለን አቅም ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተልና ተጠያቂነት ነው። የማዳበሪያን ነገር ተመልከቱ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ በቢሊዮን የሚቈጠር ብር ውጦ ሳያልቅ ቀረ፤ ገበሬውም ከላም አለኝ በሰማይ በቀር ያገኘው የለም። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመሥራት ስምምነት ተፈረመ። መልካም ነው። የያዩ ገንዘብ የት እንደ ገባ በይፋ ሳይነገረን ግን ስለ ጎዴ እንድናጨበጭብ መጠየቅ ተገቢ አይደለም።

ስለ ሰላምም አንድ ቃል ልበል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፥ ከዚያም በኋላ በሌሎች ክልሎች የቀጠለው ግጭት ማሳን ጦም አሳድሯል፤ መንገድን ዘግቷል። የምርጥ ዘር መኪና በማያልፍበት ቀበሌ ላይ ስለ ነጻ ገበያ መስበክ ፌዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፥ አዋጅ ቍጥር 1324 በወረቀት እንዳይቀር ባንኮች፥ የአገሩም ሆኑ የውጭው፥ ከሚያበድሩት ከፊሉን በይዞታ ደብተር ዋስትና ለገበሬ እንዲያበድሩ ይደንገግ፤ ያበደሩትም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጥ። ሁለተኛ፥ ከወርቅና ከቡና የተገኘው ተጨማሪ ገቢ አስቀድሞ በውሃና በዘር ላይ ይዋል፤ ከአስመጪው መኪና በፊት የመስኖው ቧንቧ ይግባ። ሦስተኛ፥ የማዳበሪያ ፋብሪካው ሥራ በየሦስት ወሩ በይፋ ይነገር፤ ያለፈውም ይመርመር። አራተኛ፥ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ባሰበው የደመወዝ ቦርድ በኩል የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ይወሰን።

አምስተኛው ጥያቄ ለራሳችን ነው፤ ምናልባትም ብዙዎቻችሁ የምትቈጡበት እርሱ ነው። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። ብዙዎች አጉረምርመውበታል፤ ነገር ግን የጭሰኛውን ኑሮ በዐይናቸው አይተው የተመለሱ እነርሱ ናቸው። ዛሬ ስለ ገበሬው የምንናገረው ከስልካችን ላይ ያነበብነውን ነው። የግብርና፥ የኢኮኖሚክስ፥ የሕግና የምሕንድስና ተማሪው አንዱን ዓመት በወረዳ ያሳልፍ። የይዞታ ደብተር ወደ ብድር እንዴት እንደሚለወጥ በቦታው ይመዝግብ፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም ገበሬውና የወረዳው ሹም በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍ። መምህሮቻችንም ይህን ለማዕረግ ዕድገት ከሚቈጠረው ሥራ ይቍጠሩት። ዓመቱ ይረዝምብናል የሚል ካለ፥ ቡና ተካዩ ለአንዲት ችግኝ አራት ዓመት እንደሚጠብቅ ያስታውስ።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም በሚቀጥለው እትም ምላሹን ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው። ከመጻፉ በፊት ግን የአዋጁን ቅጅ ፈልጎ ያንብብ።